የሰፈር የኳስ ግሩፕ ሴቶችም እንዲጽፉበት፦ ለአድሚኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ጀሞ የሚኖር የኳስ ወዳጅ ቢያንስ የአንድ የሰፈር የኳስ ቴሌግራም ግሩፕ አባል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በእነዚህ ግሩፖች የአባላት ዝርዝር ውስጥ የሴት ስም አይጠፋም፤ ጨዋታ በሚካሄድበት ሰዓት ከሚወርደው መልእክት መካከል ግን በሴት የተጻፈ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ይህ መመሪያ በዚህ ልዩነት ላይ መሥራት ለሚፈልጉ አድሚኖች የተዘጋጀ ነው። መነሻውም ሴቶቹ ዝም የሚሉት ኳስ ስለማይወዱ ወይም ስለማያውቁ ሳይሆን አንድ መልእክት መጻፍ ከወንዶቹ ይልቅ ለእነሱ ውድ ስለሆነባቸው ነው የሚል ነው። ወንዱ «የዛሬው አሰላለፍ አላማረኝም» ብሎ ሲጽፍ የሚጠብቀው ክርክር ብቻ ሲሆን፣ ሴቷ ያንኑ ስትጽፍ ግን ከክርክሩ በፊት የማታውቃቸው ሰዎች ኢንቦክስ ይገቡባታል፣ ኳስ ማወቋን የሚፈትን ጥያቄ ይቀርብላታል፣ ስለ ፕሮፋይል ፎቶዋም አስተያየት ይሰጣል። የአድሚኑ ሥራ እንግዲህ ሴቶችን በአበባ ስቲከር መቀበል ሳይሆን ይህን ዋጋ ማውረድ ነው።

ጉዳዩ ከመሀል ከተማው ይልቅ በዳርቻው የሚከብድበት ምክንያት አለ። አብዛኛዎቹ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታዎች ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት 20 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ 4 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። 5 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥታ መብራት በሌለው የኮንዶሚኒየም ግቢ ብቻዋን ወደ ብሎኳ የምትመለስ ሴት ብዙ አትገኝም። ስታዲየሙም ሩቅ ነው፣ ታክሲውም ያልቃል። መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ ቴሌቪዥን የያዘውም ሆነ ያልያዘው ጨዋታውን የሚከታተለው ግሩፑ ላይ ከሚጻፈው ነው። ስለዚህ በዳርቻ ለምትኖር የኳስ ወዳጅ ግሩፑ የስታዲየሙ ተጨማሪ አይደለም፤ ያላት ብቸኛ መድረክ እሱ ነው፤ ከእሱ ከተገፋች የምትሄድበት ሌላ ቦታ የለም።

1. ሕግ ከመጻፍ በፊት ያለፈውን ማንበብ

በመጀመሪያ የግሩፕዎን ያለፈ አንድ ወር መልእክት ወደ ኋላ ተመልሰው ያንብቡ። ቴሌግራም በግሩፕ ውስጥ የአንድን አባል መልእክት ብቻ ለይቶ መፈለግ ስለሚያስችል ሥራው የሚፈራውን ያህል አይረዝምም። በሴት አባል የተጻፈ መልእክት ባገኙ ቁጥር ከሥሩ የተሰጡትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምላሾች ይመልከቱና ምላሹ ለተናገረችው ነገር ነው፣ ለሴትነቷ ነው ወይስ ጭራሽ ምላሽ የለም የሚለውን በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። «እውነትሽን ነው፣ አማካዩ ዛሬ ጠፍቷል» የሚለው ለነገሩ የተሰጠ ምላሽ ነው። «ኦ፣ ሴትም ኳስ ታያለች እንዴ?» የሚለው ግን በሳቅ ስቲከር ታጅቦ ቢመጣም ለሴትነቷ የተሰጠ ነው። ዝምታውም መመዝገብ አለበት፤ ሴቷ የጻፈችው ሐሳብ ሳይነካ ቀርቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ወንድ ያንኑ ሲጽፍ ክርክሩ የሚቀጣጠልበትን አጋጣሚ ፈልገው ካገኙ የግሩፑን ጠባይ ከማንኛውም አቤቱታ በላይ ይነግርዎታል።

ወጥተው የሄዱትንም መጠየቅ ይጠቅማል። ይህን ግን አድሚኑ ራሱ ማታ ማታ ኢንቦክስ እየገባ ማድረግ የለበትም፤ የወጡት በዚያው ምክንያት ሊሆን ይችላልና። በሰፈሩ የሚያውቋቸው አንዲት ሴት አባል፣ እሷም ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ ትጠይቅ። «በእኛ ግሩፕ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል አድሚን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በግሩፑ ላይ ስለሚታየው ብቻ ነው፤ ከባዱ ነገር የሚደርሰው እሱ በማያየው ኢንቦክስ ነው።

2. የኢንቦክሱን በር መዝጋት

በዚህ መመሪያ ካሉት እርምጃዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው አድሚን ይህን ይሥራ። በግሩፑ ላይ የሚጻፍ ስድብን ሌላውም አባል ያየዋል፣ አንድ ደህና ሰውም «ተው» ሊል ይችላል፤ በኢንቦክስ የሚመጣውን ለከፋ ግን ሴቷ ለብቻዋ ትሸከመዋለች። የኮንዶሚኒየም ኑሮ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የሩቅ ከተማ ሰው የላከው መልእክት ብሎክ ሲደረግ ያበቃል፤ እዚህ ግን ላኪው በሚቀጥለው ሕንፃ ሊኖር፣ ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ከኋላዋ ሊቆም ይችላል። ከዚህ የተነሣ በሰፈር ግሩፕ ውስጥ «ብሎክ ስንት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው በቅን ልብ ቢያነሣውም፣ እንደ ትውውቅ መቆጠር የለበትም። መልሱ በሁለት መቶ ሰው ፊት የሚሰጥ የቤት አድራሻ ነውና።

ከአድሚኑ በኩል የሚስተካከሉት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የግሩፑን ሴቲንግ ከፍተው የአባላቱን ዝርዝር ለአድሚኖች ብቻ እንዲታይ ያድርጉ፤ ይህ ምርጫ ከ100 በላይ አባላት ላሏቸው ግሩፖች የተፈቀደ ነው። ዝርዝሩ ሲደበቅ ማንም ገብቶ የሴት ስም እየለቀመ ለሁሉም ሰላምታ መላክ አይችልም። በየቦታው የተለጠፈው የግሩፑ ሊንክም አዲስ ገቢ በአድሚን ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ተደርጎ ይቀየር፤ ገና አሁን የተከፈተና ስምና ፎቶ የሌለው አካውንት ለማስገባት መቸኮል አያስፈልግም። ግሩፑ ላይ የምትጽፍ ሴት ስሟ ስለሚታይ ስሙን ነክቶ ኢንቦክስ መግባት ግን አሁንም ይቻላል፤ ይህንን የሚከለክለው ሴቲንግ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ሕግ ነው።

ከአባላቱ በኩል የሚስተካከለውን ደግሞ ለሁሉም፣ ለወንዶቹም ጭምር፣ በአንድ አጭር መልእክት አስረድተው ከላይ ይሰኩት። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ተከፍቶ፣ ፎን ነምበር በሚለው ሥር ኖባዲ ሲመረጥ ስልክ ቁጥሯን ያልሰጠችው ሰው ቁጥሯን ማየት አይችልም። ያው ገጽ ላይ በቁጥሯ ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ እዚያ ላይ ማይ ኮንታክትስ ይመረጥ። የፕሮፋይል ፎቶና ወደ ሌላ ግሩፕ የመጨመር ፈቃድም በዚያው ገጽ ይገደባሉ። መልእክቱ ለሴቶች ብቻ ተለይቶ መጻፍ የለበትም፤ እንዲያ ከሆነ «ተጠንቀቂ» የሚል ተግሣጽ ይመስልና ሸክሙ ተመልሶ እሷው ላይ ይወድቃል።

3. አጭርና የማያሻማ ሕግ መጻፍ

«እህቶቻችንን እናክብር» የሚል ማስታወቂያ ሕግ አይደለም። ምን እንደተከለከለ አይናገርም፣ የሚጥሰውም ሰው ራሱን እንደ ጣሰ አይቆጥርም፤ ለከፋን እንደ አድናቆት የሚያይ ሰው «እያከበርኳት ነው» ይልዎታልና። ሕግ የሚጻፈው ድርጊቱን በስሙ በመጥራት ነው። የሚከተለውን እንደ መነሻ ወስደው ለግሩፕዎ እንዲስማማ ማሻሻል ይችላሉ፦

«በዚህ ግሩፕ ስለ ቡድን፣ ስለ ተጫዋች፣ ስለ አሠልጣኝና ስለ ዳኛ የፈለጉትን ያህል መከራከርም ሆነ በተቃራኒ ቡድን ሙድ መያዝ ይፈቀዳል። የአባልን መልክ፣ ሰውነት፣ ጾታ፣ ትዳርና መኖሪያ ማንሣት አይፈቀድም። በግሩፑ ላይ ጠይቀው ፈቃድ ሳያገኙ አባልን በኢንቦክስ ማነጋገር አይፈቀድም። ተጫዋችን ለመስደብ ሴትነትን መጠቀም አይፈቀድም። አባልን ኳስ ያውቅ እንደሆነ መፈተን አይፈቀድም። ይህን የጣሰ መልእክቱ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ሲደግም ለ7 ቀን ከመጻፍ ይታገዳል፣ ሦስተኛ ሲደግም ይወጣል። በኢንቦክስ የላከ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሆን ተብሎ ከፈቃድ የጀመረ ነው። የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የሚወራወሩት ነቆራ የግሩፑ ሕይወት ነው፤ ሴቶቹም የገቡት ይህንኑ ፈልገው እንጂ የጸሎት ማኅበር ፈልገው አይደለም። ግሩፑን ለሴቶች ምቹ ማድረግ ማለት ማለዘብ ነው ብሎ የሚፈራ አባል ካለ ይህን ዓረፍተ ነገር ያሳዩት። የተከለከለው ስለ ቡድኑ የሚነገረው ሳይሆን ስለ ሰውዬዋ የሚነገረው ነው።

ብዙ ክርክር የሚያስነሣው አራተኛው ነው። «እንደ ሴት ነው የሚጫወተው»፣ «ቀሚስ ይልበስ» የሚሉት አነጋገሮች ኢላማቸው ወንድ ተጫዋች ስለሆነ ሴቶችን የማይነኩ ይመስላሉ፤ የሚያነቧቸው ሴቶች ግን ስማቸው የደካማነት መለኪያ ተደርጎ መቅረቡን ያያሉ። ክርክር ከተነሣ ረጅም ትምህርት መስጠት አያስፈልግም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ባመጡባት፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 በጨረሰችባት አገር «እንደ ሴት» የሚለው ስድብ ሆኖ መቅረቱ ራሱ የስፖርት እውቀት ጉድለት ነው ብሎ ማለፍ ይበቃል። ማለዳ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ የተሳፈረ የዳርቻው ነዋሪ ልምምድ ላይ ያሉትን ሴት አትሌቶች በመስኮት አይቷል፤ ስንቶቻችን በዚያ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር እንደምንቆይ ማሰብም አይከፋም።

በሕጉ ግርጌ የአገሪቱን ሕግ በአንድ መስመር መጥቀስም ይገባል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጾታ ላይ ያነጣጠረ የጥላቻ ንግግርን ይሸፍናል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ማስፈራራትንና መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ሰውን ማስጨነቅን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ይህን የምንጠቅሰው እያንዳንዱን ጸያፍ ቀልድ ፖሊስ ጣቢያ ለማድረስ አይደለም፤ ነገሩ የአድሚኑ የግል ስሜት እንዳልሆነ ለማሳወቅ ነው።

4. ሕጉን በጨዋታ ሰዓት ማስከበር

ሕግ የሚፈተነው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጎል በተቆጠረበት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት መልእክቱ በሰከንድ ስለሚፈራረቅ ለአንዲት ሴት የተወረወረ ለከፋ ከመነበቡ በፊት ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን አንብባዋለች። ስለዚህ በትልልቅ ጨዋታዎች ጊዜ ስሎው ሞድ የሚለውን ከፍተው በ10 ወይም በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ መልእክት ብቻ እንዲጻፍ ያድርጉ፣ ስቲከርና ቪዲዮንም ለጊዜው ይዝጉ። የሞባይል ዳታ ለሚቆጥቡ አባላትም ይህ እፎይታ ነው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ጨዋታም በዚያ ምሽት ተረኛ የሚሆን አንድ አድሚን አስቀድሞ ይመደብ፤ የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ሥራ ጎል ሲገባ የማንም አይሆንም።

ጥሰት ሲታይ ተረኛው መልእክቱን አጥፍቶ፣ ያጠፋበትን ምክንያት በግሩፑ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፦ «ስለ አባል መልክ የተጻፈ መልእክት ጠፍቷል፤ ወደ ጨዋታው እንመለስ»። ከዚህ በላይ መስበክ አያስፈልግም። ዝም ብሎ ማጥፋት ግን በቂ አይደለም፤ ያነበቡት ሁሉ፣ በተለይም ዝም ብለው የሚከታተሉት ሴቶች፣ እርምጃ መወሰዱን ማየት አለባቸው። የመጀመሪያውን መልእክት ለመጻፍ የምትወስነው ሴት የምትመዝነው በሌላዋ ላይ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

አስቸጋሪው ጥሰኛ የማይታወቅ አካውንት አይደለም፤ እሱን ማስወጣት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ግሩፑን ያቋቋመው ልጅ፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ወይም ሁሉም የሚወደው ቀልደኛ ሲሆን ነው። ለእሱ «እሱኮ ልማዱ ነው፣ ልቡ ንጹሕ ነው» ተብሎ የታለፈ ነገር ሕጉን በዚያው ቀን ያፈርሰዋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ከሌላው የተለየ ነገር የሚደረግለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመታገዱ በፊት የሚቀርበው አድሚን በስልክ ደውሎ ያስረዳው፣ ከዚያ እገዳው እንደማንኛውም አባል ይፈጸምበት። አድሚኖች የፈጸሙት እርምጃ ለ48 ሰዓት ያህል ሪሰንት አክሽንስ በሚለው ገጽ ስለሚቆይ፣ «እኔን ብቻ ነው የምታጠፉት» የሚል ቅሬታ ቢመጣ እዚያ ተመልክቶ መልስ መስጠት ይቻላል።

5. ኳስ የማወቅ ፈተናን ማስቀረት

በደንቡ ውስጥ «መፈተን አይፈቀድም» የሚለው ለአንዳንዱ የማይረባ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ወንድ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ ሲል የ2012 እ.ኤ.አ. የቻምፒየንስ ሊግ የፍጻሜ አሰላለፍን ዘርዝር የሚለው የለም፤ ሴት ስትል ግን ጥያቄው በደቂቃ ይመጣል፣ ከጥያቄዎቹም ሁሉ የታወቀው «እስቲ ኦፍሳይድን አስረጂ» የሚለው ነው። ጠያቂው ራሱ ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ በተገኘ ኳስ ኦፍሳይድ እንደሌለ ላያውቅ ይችላል፤ እሱን ግን የጠየቀው ሰው የለም። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ የዳኘች ኢትዮጵያዊት ስትሆን፣ በ2021 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የቻን (የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና) ውድድር የናሚቢያንና የታንዛኒያን የወንዶች ጨዋታ በመሀል ዳኝነት ስትመራ ሁለቱም ረዳቶቿ ሴቶች ነበሩ። የሃያ ሁለት ወንዶችን ኦፍሳይድ የወሰኑት ሦስት ሴቶች መሆናቸውን የሚያውቅ ግሩፕ በሰፈሩ ልጅ ላይ ፈተና ለማውጣት ያፍራል።

ፈተናው ሲመጣ ሴቷ እንድትመልስ አይጠበቅ። ተረኛው አድሚን «እዚህ ፈተና የለም» ብሎ ጥያቄውን ያጥፋ። ኦፍሳይድን በእውነት የማያውቅ አዲስ አባልም፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሳያፍር መጠየቅ እንዲችል ግን ቦታ ይኑረው፤ ቴሌግራም ግሩፕን በርዕስ መከፋፈል ስለሚፈቅድ «ጥያቄ» የሚል አንድ ክፍል መክፈት በቂ ነው።

6. ሴት አድሚኖችን መሾም

ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አንዲት ብቻ ከሆነች የሴቶች ጉዳይ ሁሉ ወደ እሷ ይገፋል፣ ስትደክም ደግሞ ሁሉ ነገር ይቆማል። ሥልጣናቸውም ከሌሎቹ እኩል መሆን አለበት፤ መልእክት ማጥፋት፣ አባል ማገድና ሌላ አድሚን መሾም ካልቻሉ ሹመቱ ለጌጥ ነው። የጨዋታ ትንበያ፣ የአሰላለፍ ዜና፣ የድምፅ ውይይት መምራት ለእነሱም ይድረስ፤ አቤቱታ መቀበል ግን ተራ በተራ የሁሉም አድሚኖች ሥራ ይሁን። በግሩፑ ውስጥ ለብዙ ጊዜ በቁም ነገር የሚከታተሉ ሴቶች ስላሉ ሰው አይጠፋም፤ ቢጠፋ ደግሞ ከላይ ያሉት አምስቱ እርምጃዎች ገና አልተሠሩም ማለት ነው።

የድምፅ ውይይት ለብቻው መታሰብ አለበት። አዲስ የሚገባ ሰው ማይክራፎኑ ተዘግቶ እንዲገባ ያድርጉና፣ መናገር የሚፈልግ እጁን አንሥቶ በተራው ይናገር። ብዙ ሴቶች በጽሑፍ ይጽፋሉ እንጂ ድምፃቸውን አያሰሙም፤ ቤተሰብ በተኛበት ባለ አንድ መኝታ ቤት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለ ፔናሊቲ መጮህ ለማንም ቢሆን አይመችም። ስለዚህ የውይይቱ ዋና ዋና ነጥብ ወዲያውኑ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ በጽሑፍ የመጣ ሐሳብም በአወያዩ ይነበብ።

7. የሴቶችን ስፖርት እንደ ስፖርት መዘገብ

የካቲት 29 ቀን አበባ ለጥፎ እስከሚቀጥለው የካቲት 29 ዝም የሚል ግሩፕ ጥቂት አይደለም። ከዚህ የሚሻለው የሴቶችን ጨዋታ እንደ ወንዶቹ፣ በዚያው ቅርጽ፣ ሳያጋንኑና ሳያሳንሱ ማቅረብ ነው፤ ከጨዋታው በፊት አሰላለፍ፣ በጨዋታው ጊዜ ጎል ያገባችው ማን እንደሆነችና በስንተኛው ደቂቃ፣ ከጨዋታው በኋላ የደረጃ ሰንጠረዥ። ማቴሪያል አይጠፋም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተሳትፏል፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በ2004 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ሆነው ጨርሰዋል፤ ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታለች። ከዳርቻው ክፍለ ከተሞችም አቃቂ ቃሊቲ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ቡድን ነበረው፤ የሰፈር ግሩፕ የሰፈሩን ቡድን ካልዘገበ ማን ይዘግበዋል?

ፎቶ ሲመረጥ ተጫዋቿ ኳስ ስትገፋ ወይም ስትሮጥ የሚያሳየው ይመረጥ። ከፎቶው ሥር «ቆንጆ ናት» የሚል ሰልፍ ሲጀመር ሕጉ ለተጫዋቾችም እንደሚሠራ ይታወጅ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሴት አባላት ሁሉ የሴቶችን እግር ኳስ ለማየት የመጡ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የመጡት ለሊቨርፑል፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ለኢትዮጵያ ቡና ነው። የሴቶች ጨዋታ በተዘገበ ቁጥር «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» እያሉ እነሱን ብቻ መጥራት ሌላ ዓይነት ፈተና ይሆናል።

8. ቤቲንግን መለየት

የውርርድ ኩፖን የሚለጠፍበት ግሩፕ ውስጥ በተሸነፉ ቁጥር የሚነሣው ንዴት ከኳስ ክርክር ይለያል፤ ገንዘብ የጠፋበት ሰው የሚሳደበው ቅርቡ ያገኘውን ነው፣ ሴት አባል ካለችም መጀመሪያ ለእሷ ይደርሳታል። ጉዳዩን ወደ ሌላ ግሩፕ ማዛወር፣ ካልሆነም ለብቻው ርዕስ ከፍቶ ከጨዋታው ውይይት መለየት ይገባል።

9. በአካል አብሮ ለማየት ሲታሰብ

ግሩፑ ሲሰክን «አንድ ቀን አብረን እንይ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የሚመረጠው ጨዋታ የቅዳሜ የቀን ጨዋታ ይሁን፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ እንደ ወቅቱ 8:30 ወይም 9:30 ላይ ስለሚጀምር ከመምሸቱ በፊት ሁሉም ቤቱ ይደርሳል። ከዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ያስፈልጋል፤ ሴቶች የሚጠቀሙበት የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት መኖሩን፣ መግቢያው ላይ ቆሞ ወጪ ወራጁን የሚለክፍ ቡድን አለመኖሩንና አግዳሚ ወንበሩ ሰው በሰው ላይ የሚደራረብበት አለመሆኑን አድሚኑ ራሱ ሄዶ ይይ። ሴቶችን ለብቻ በአንድ ጥግ ማስቀመጥ አይመከርም። ከጓደኛ፣ ከእህት ወይም ከባል ጋር መምጣት የምትፈልግ ትምጣ፤ ብቻዋን የመጣችውን ደግሞ «ከማን ጋር መጣሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።

10. ነገሩ ከግሩፑ አቅም በላይ ሲሆን

ዛቻ፣ ክትትል ወይም የሴት ፎቶን ያለፈቃድ ማሠራጨት ሲያጋጥም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት የላኪው ስም፣ መለያና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ይወሰድ፤ አድሚኖች ተቆጥተው ቶሎ ሲያጠፉ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ ሰውየው ይውጣ፣ አካውንቱም ለቴሌግራም ሪፖርት ይደረግ። ወደ ፖሊስ መሄድ አለመሄዱን የምትወስነው ሴቷ ናት፤ አድሚኑ ስክሪንሾቱን ለእሷ ሰጥቶ፣ ከፈለገች አብሮ የሚሄድ ሰው ያዘጋጅላት እንጂ፣ ስሟን ጠቅሶ ጉዳዩን በግሩፑ ላይ አያውጣ፣ ለወንድሟ ወይም ለአባቷም አይደውል። በሰፈር ውስጥ ነገር ቶሎ ይዛመታል፤ በደል የደረሰባት ሴት በእድር ላይ መወያያ ከሆነች ሌሎቹ አቤቱታ ማቅረብ ያቆማሉ። ሽማግሌ ሰብስቦ «ይቅር ተባባሉ» ማሰኘትም በዛቻ ጉዳይ ቦታ የለውም።

11. መልሶ ማየትና ማስረከብ

ከሁለት ወር በኋላ በመጀመሪያው እርምጃ የሠሩትን ምርመራ ይድገሙት፤ ያው ወረቀት፣ ያው ሦስት ምላሽ። የሴት አባላት ቁጥር መጨመር ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ዝም ብለው የሚያነቡ ሊሆኑ ይችላሉና። መታየት ያለበት በአንድ ጨዋታ ላይ ከአንድ በላይ ሴቶች መጻፋቸው፣ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከወንዶቹ ጋር በኳስ ጉዳይ መጣላታቸውና የተሳሳተ ትንበያ የጻፈችው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጻፏ ነው። ወንድ በሳምንት አሥር ጊዜ ተሳስቶ ይመለሳል፤ ሴቷም እንዲሁ ተሳስታ ከተመለሰች ዋጋው ወርዷል።

የሰፈር ግሩፕ አድሚን ይለዋወጣል፤ አንዱ ቤት ይቀይራል፣ ሌላው ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ ሕጉ፣ የተረኞች ሰሌዳ፣ የታገዱ አካውንቶች ዝርዝርና የታገዱበት ምክንያት አድሚኖች ብቻ ባሉበት ሌላ ትንሽ ግሩፕ ውስጥ ተጽፈው ይቀመጡ። አዲስ አድሚን ከመሾሙ በፊት እነዚህን አንብቦ ከነባሩ ተረኛ ጋር ቢያንስ አንድ ትልቅ ጨዋታ አብሮ ይሥራ፤ ወጪው አድሚን ደግሞ ሥልጣኑን ሳይመልስ ግሩፑን እንዳይለቅ፣ የባለቤትነት መብቱንም ከሄደ በኋላ ሳይሆን ገና እያለ እንዲያዛውር ይደረግ።